ከክሩ ጫፍ ወደ እጅ፦ ለቼሳፒክ ዳርቻ ዘንግና ሪል አመራረጥ

የዓሣ ማጥመጃ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በረጅሙ ዘንግና በትልቁ ሪል ላይ ነው። ባሕሩ ሰፊ ስለሆነ መሣሪያውም ግዙፍ መሆን ያለበት ይመስለዋል። ቤቱ ሲደርስ ዘንጉ አሳንሰር ውስጥ አይገባም፣ ሪሉ ክንድ ያዝላል፣ ትንሿን የፕላስቲክ ማባበያ ሲወረውራት ደግሞ እግሩ ሥር ትወድቃለች። የዚህ ሁሉ ምክንያት የገንዘብ እጥረት ወይም የሻጩ ተንኮል ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በምርጫው ቅደም ተከተል ነው። ዘንግና ሪል የሚመረጡት ከውኃው ተነስቶ ወደ ሱቁ በመመለስ ነው፦ መጀመሪያ ቦታውና ዓሣው፣ ቀጥሎ የሚወረወረው ነገር ክብደት፣ ከዚያ ክሩ፣ ከክሩ በኋላ ዘንጉ፣ በመጨረሻም ሪሉ። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ከባሕር ዳርቻ ቆሞ ለሚያጠምደው ዓሣ የሚበቃው መሣሪያ ካሰበው በጣም የቀለለ ሆኖ ያገኘዋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው፤ ማስረጃውንና ተቃውሞውን እርምጃ በእርምጃ እንየው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ ውኃ ይዘን እንሂድ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ቅርቡ ጨው ያለበት ውኃ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። ሳንዲ ፖይንት የሚባለው የሜሪላንድ መናፈሻ ከአናፖሊስ አጠገብ፣ በትልቁ የቤይ ድልድይ ምዕራባዊ ጫፍ ይገኛል፤ ከዋሽንግተን በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ከድልድዩ ማዶ በኬንት ደሴት ላይ የማታፒክ ማጥመጃ መድረክ አለ። ወደ ደቡብ ለሚሄድ ደግሞ የፖቶማክ ወንዝ ከባሕረ ሰላጤው ጋር የሚገናኝበት ፖይንት ሉክአውት አለለት። በጣና፣ በሐዋሳ ወይም በዝዋይ ዳር ያደገ ሰው ጀልባና መረብን፣ የእጅ ክርና መንጠቆን ያውቃል፤ እዚህ ዳርቻው ላይ ቆሞ የሚያጠምደው ሰው የሚይዘው ግን ዘንግ ነው። ባሕረ ሰላጤው 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 6.4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ለመሣሪያ ምርጫ ትልቅ ትርጉም አለው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ዓሣው ምግብና መደበቂያ ፍለጋ የሚሰበሰበው በድልድይና በመድረክ ምሰሶዎች፣ በድንጋይ ክምር፣ በውኃ ሣር ዳርና ጥልቀቱ በድንገት በሚለወጥበት ጠርዝ ላይ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀላል መሣሪያ ያለ ችግር ከሚደርስበት ርቀት ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ የት እንደሚቆሙና ምን እንደሚጠብቁ መወሰን ነው። በቼሳፒክ ንጉሡ ዓሣ በጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች የተሰመሩበት፣ የሜሪላንድ ሰዎች ሮክፊሽ የሚሉት ስትራይፕድ ባስ ነው። ከእሱ ሌላ ነጭ ፐርች፣ ክሮከር፣ ስፖት፣ በሞቃቱ ወራት ብሉፊሽ፣ ወደ ደቡቡ ክፍል ደግሞ ስፔክልድ ትራውትና ሬድ ድረም አሉ። ነጭ ፐርች ብዙውን ጊዜ ከአንድ ፓውንድ አይሞላም፤ በማርችና በኤፕሪል ለመራባት ወደ ወንዞቹ የሚወጣበት ወቅት ከዓቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው። ስትራይፕድ ባስን በተመለከተ ግን ሕጉ ራሱ መሣሪያ ይመርጥልዎታል። በ2024 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ በባሕረ ሰላጤው ይዘውት ወደ ቤት እንዲሄዱ የሚፈቅደው በቀን አንድ ዓሣ ብቻ ነው፤ እሱም ርዝመቱ ከ19 እስከ 24 ኢንች መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰውም የበለጠውም ወደ ውኃው ይመለሳል። ጨርሶ ማጥመድ የሚከለከልባቸው ጊዜያትም አሉ። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከመውጣትዎ በፊት የሜሪላንድን የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት መመሪያ ይመልከቱ፤ 16 ዓመት የሞላው ሰው ፈቃድ እንደሚያስፈልገውም አይርሱ። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 24 ኢንች የሚረዝም ስትራይፕድ ባስ ከ5 እስከ 6 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3 ኪሎ በታች ይመዝናል። ወደ ቤት ሊወስዱት የሚችሉት ትልቁ ስትራይፕድ ባስ ይህን ያህል ከሆነ፣ ለሻርክ የተሠራ መሣሪያ የሚገዙበት ምክንያት የለም።

“ትልቁ ቢመጣስ?” የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። በጸደይ ከውቅያኖስ ለመራባት የሚገቡ፣ ከ30 ፓውንድ የሚበልጡ ስትራይፕድ ባሶች አሉ። ይሁን እንጂ ትልቅ ዓሣን የሚያሸንፈው የዘንጉ ውፍረት ብቻ ሳይሆን ሳይደነቃቀፍ ክር የሚለቅ ፍሬንና ሪሉ ላይ ያለ በቂ ክር ጭምር ነው። ዓሣው ሲሮጥ ፍሬኑ እየያዘ ክሩን ይለቅለታል፤ ሲደክም መልሰው ይጠቀልሉታል። የዚህ ተቃውሞ እውነተኛ ክፍል ሌላ ቦታ ላይ ነው ያለው። በጣም ቀላል በሆነ መሣሪያ ረጅም ጊዜ የታገለ ዓሣ፣ በተለይ በበጋ ውኃው ሲሞቅ፣ ከተለቀቀ በኋላም ሊሞት ይችላል። ሕጉ አብዛኛውን ዓሣ እንዲመልሱ ስለሚያስገድድ፣ ዓሣውን በቶሎ አቅርቦ በደህና ለመልቀቅ የሚያስችል ጉልበት ያስፈልግዎታል። ለነጭ ፐርች የሚመች፣ እንደ አለንጋ የሚተጣጠፍ ቀጭን ዘንግ ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ ምርጫችን ከላይም ከታችም ወሰን አለው፤ የሚፈለገው በመካከሉ ያለው ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ክብደት ነው፤ የምርጫው ሁሉ እምብርት ይህ ይመስለኛል። ዘንግ የሚወረውረው እንደ ሞላ እየተለጠጠ ነው፤ በጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ክብደት ያጎነብሰዋል፣ ሲቃና ደግሞ ክብደቱን ያስፈነጥረዋል። የተንጠለጠለው ነገር ዘንጉ ከሚጠብቀው በታች ከሆነ ዘንጉ ሳይጎነብስ ይቀርና ክንድዎ ብቻውን ይሠራል፤ ከሚገባው በላይ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ይዝላል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ዘንግ የሠራ ኩባንያ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ከእጀታው ከፍ ብሎ የሚችለውን ክብደት በአውንስ፣ የሚስማማውን ክር በፓውንድ ያትማል። ብዙ ገዢ የማያነበው ይህ ትንሽ ጽሑፍ ከዋጋው መለያ ይልቅ ብዙ ይናገራል። በቼሳፒክ ዳርቻ ለስትራይፕድ ባስ በብዛት የሚወረወረው ጭንቅላቱ እርሳስ የሆነ መንጠቆ ላይ የሚሰካ ለስላሳ የፕላስቲክ ዓሣ ነው፤ ክብደቱም ውኃው ረጋ ባለበት ሩብ አውንስ (7 ግራም)፣ በድልድይ ሥር እንደሚታየው ፍሰቱ ሲበረታ እስከ ሦስት ሩብ አውንስ (21 ግራም) ይደርሳል። የሚያብረቀርቁት የብረት ማባበያዎችም ብዙዎቹ ከአንድ አውንስ አይበልጡም። ስለዚህ በዘንጉ ላይ መፈለግ ያለብዎት ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ አውንስ ወይም እስከ አንድ አውንስ የሚል ጽሑፍ ነው። ትል ወይም የተቆረጠ ዓሣ በመንጠቆ ሰክቶ ወለል ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ፍሰቱ እንዳያንከባልለው ከ2 እስከ 4 አውንስ የእርሳስ ክብደት ይፈልጋል። ሁለቱንም እኩል የሚሠራ አንድ ዘንግ አይፈልጉ። ሩብ አውንስንም አራት አውንስንም እችላለሁ የሚል ዘንግ ካዩ አንዱን በደንብ እንደማይሠራ ይወቁ።

ሦስተኛው እርምጃ ክር ነው። ክር ርካሽ ስለሆነ መጨረሻ ላይ፣ አንዳንዴም ሪሉ ላይ ተጠቅልሎ የመጣውን እንዳለ በመቀበል ይታለፋል። ሆኖም በእርስዎና በዓሣው መካከል ያለው ብቸኛ ግንኙነት እሱ ነው፤ የሪሉን መጠንም የሚወስነው እሱ ነው። ለምንወረውረው ማባበያ የምመርጠው የተጎነጎነውን ክር ነው። 15 ፓውንድ የሚችል የተጎነጎነ ክር ከሩብ ሚሊ ሜትር ያነሰ ውፍረት ሲኖረው፣ በጥንካሬ የሚመጣጠነው ናይሎን ወደ 0.35 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ቀጭን ክር ነፋስ ብዙም አይዘውም፣ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ በትንሽ ፍትጊያ ያልፋል፣ በትንሽ ሪል ላይም ብዙ ይጠቀለላል። ከዚህም በላይ ስለማይለጠጥ የዓሣው ንክሻ በቀጥታ እጅዎ ላይ ይሰማል፤ ናይሎን ግን እየተሳበ ስለሚረዝም ሩቅ ያለውን ለስላሳ ንክሻ ይውጠዋል። የተጎነጎነው ክር ጠላቶችም እውነት አላቸው፦ ይወደዳል፣ በውኃ ውስጥ ይታያል፣ ኦይስተርና ሻካራ ድንጋይ ሲነካው በቀላሉ ይቆረጣል፣ ላልቶ ከተጠቀለለም ይተበተባል። የመጀመሪያው ለረጅም ጊዜ በማገልገሉ ይካካሳል። መታየቱንና መቆረጡን ደግሞ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 20 ፓውንድ የሚችል የፍሎሮካርቦን መሪ ክር ጫፉ ላይ በማሰር ይከላከሉታል። ትብትቡ የሚቀንሰው ሲወረወር የሚከፈተውን የሪሉን የሽቦ ቅስት ከወረወሩ በኋላ በእጅ በመመለስና ክሩ እንዲወጠር በማድረግ ነው። ወለል ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቀው ከባድ ክብደት ግን ፍርዴ ይገለበጣል፤ እዚያ ናይሎን ይሻላል። ርካሽ ነው፣ ፍትጊያን የተሻለ ይችላል፣ መለጠጡም ዓሣው በድንገት ሲጎትት እንደ መከላከያ ያገለግላል።

አሁን ወደ ዘንጉ ደረስን፤ አብዛኛው ውሳኔ ግን እስካሁን በተባለው አልቋል። በዘንግ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጻፋሉ፣ ገዢዎችም ያምታቷቸዋል። አንዱ ጉልበቱ ነው፦ ዘንጉን ለማጉበጥ ምን ያህል ኃይል ያስፈልጋል? ላይት፣ ሚዲየም፣ ሄቪ የሚሉት ቃላት ይህን ይገልጻሉ። ሌላው አጎነባበሱ ነው፦ ሲጎብጥ የሚጎብጠው ጫፉ ብቻ ነው ወይስ እስከ ወገቡ? ፋስት የተባለው ከጫፉ ላይ፣ ሞደሬት የተባለው ወደ መሃሉ ይጎብጣል። ለማባበያው ሥራ ሚዲየም ጉልበትና ፋስት አጎነባበስ ያለው፣ 7 ጫማ (2.1 ሜትር ያህል) የሚረዝም ዘንግ ይያዙ። ጫፉ ፈጣን ስለሆነ ማባበያውን ማንቀሳቀስና መንጠቆውን መስካት ይቀላል፤ ወገቡ ደግሞ ዓሣውን ከምሰሶ ለማራቅ የሚሆን ጉልበት አለው። ለወለል ሥራው ግን ረጋ ብሎ የሚጎብጥ፣ ካርቦንና ፋይበርግላስ የተቀላቀለበት ዘንግ ይመረጣል። ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በትል ወይም በተቆረጠ ዓሣ ስትራይፕድ ባስ ለማጥመድ ክብ መንጠቆ መጠቀም ግዴታ ነው፤ ክብ መንጠቆ ደግሞ በኃይል ሲነጠቅ ከአፉ ይወጣል፣ ዓሣው እየሄደ ቀስ ብሎ ሲወጠር ግን ከከንፈሩ ጥግ ይያዛል። ለስላሳው ዘንግ ይህን ሥራ ራሱ ይሠራልዎታል።

በሁለት የሚከፈል ዘንግ ደካማ ነው የሚል የቆየ አባባል አለ። መጋጠሚያው እንደዛሬው በማይሠራበት ዘመን ትክክል ነበር። ዛሬ በደንብ የተሠራው ባለ ሁለት ቁራጭ ዘንግ ለዚህ ሥራ የሚያንሰው ነገር አይታይም፤ በአፓርታማ ለሚኖርና ትንሽ መኪና ለሚነዳ ሰው ደግሞ ሳይሰበር ውኃው ጋ የሚደርሰው እሱ ነው። ብዙ ዘንግ የሚሰበረው በመኪና በር ነው፤ ዓሣ የሰበረው ጥቂቱ ነው። በቀረው ቀለበቶቹን ይመልከቱ፦ የውስጥ ሽፋናቸው ያልተሰነጠቀ ሴራሚክ፣ ክፈፋቸው ከማይዝግ ብረት ወይም ከታይታኒየም የተሠራ ይሁን። የተሰነጠቀ ቀለበት የተጎነጎነን ክር እንደ ምላጭ ይበላዋል፤ ጥጥ በቀለበቱ ውስጥ ሲያሳልፉ ቃጫው ተጠልፎ ከቀረ ስንጥቁን ያጋልጣል።

“ከዳርቻ ለሚያጠምድ ሰው ሩቅ መወርወር ስለሚያስፈልገው ዘንጉ ረጅም ይሁን” የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የበረታ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ረጅም ዘንግ ከባድ ክብደትን ሩቅ እንደሚወረውር ጥርጥር የለውም። በአሳቲግ የአትላንቲክ ዳርቻ፣ ማዕበሉ በሚሰበርበት አሸዋ ላይ የቆመ ሰው ከ10 እስከ 12 ጫማ ዘንግ መያዙ ትክክል ነው፤ የሚወረውረውም ብዙ አውንስ የሚመዝን እርሳስ ነው። በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ግን ሁለቱም ምክንያቶች የሉም፤ የሚሰበር ማዕበል የለም፣ የሚወረወረውም ቀላል ነው። ለሩብ አውንስ ማባበያ ርቀት የሚጨምረው ቀጭን ክር ነው፤ የዘንጉ ርዝመት ከእሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ ርዝመት ዋጋ ያስከፍላል። ዘንግ ማንሻ ነው፤ ረጅሙ ክንድ ግን ያለው በዓሣው በኩል ነው። ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ዓሣው በእጅዎ ላይ የሚያሳርፈው ጭነት ይጨምራል፣ ከእግርዎ ሥር፣ ከምሰሶው ሥር ያለውን ዓሣ መቆጣጠርም ይከብዳል። በምሽት መብራት በበራበት መድረክ ላይ ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚመገበው ብርሃኑና ጥላው በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ማለትም ከፊትዎ ነው። አርባ ሜትር አሻግሮ የሚወረውር ሰው ዓሣውን አልፎታል። ልዩነት ማድረግ የሚገባኝ ለወለል ሥራው ነው፤ በፖይንት ሉክአውት ወይም በሳንዲ ፖይንት አሸዋ ላይ ሦስት አውንስ እርሳስ ለመወርወር 9 ጫማ ዘንግ ይጠቅማል። እሱም ቢሆን ሁለተኛ ግዢ ነው፤ የመጀመሪያው ካለ በኋላ ይመጣል።

ሪል መጨረሻ የሚመጣው ትንሽ ጉዳይ ስለሆነ አይደለም፤ ከዘንጉና ከክሩ በፊት ሊመረጥ ስለማይችል ነው። ሁለቱ እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ናቸው፤ መጠናቸው ካልተስማማ እያንዳንዱ ብቻውን ጥሩ መሆኑ አይረዳም። ለጀማሪም ለአዋቂም በዚህ ውኃ ላይ የምመርጠው ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለውን፣ ሲወረወር ማጠንጠኛው የማይዞረውን ስፒኒንግ ሪል ነው። ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠው ቤይትካስተር ለከባድ ማባበያ ትክክለኛነት አለው ይባላል፣ እውነትም ነው፤ ነገር ግን ቀላል ማባበያን ወደ ነፋስ ሲወረውሩ ማጠንጠኛው ከክሩ ቀድሞ ይሽከረከርና ክሩ ይወታተባል። የባሕረ ሰላጤው ዳር ደግሞ ነፋስ የማያጣው ነው። መጠኑ ለ7 ጫማው ዘንግ 2500 ወይም 3000፣ ለ9 ጫማው ከ4000 እስከ 5000 ይሁን። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉም አምራች የሚስማማበት መለኪያ አይደሉም፤ የሺማኖ 3000 እና የፔን 3000 በእጅ ሲያዙ አይመሳሰሉም። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ማጠንጠኛው ላይ የታተመውን ያንብቡ፦ 15 ፓውንድ የተጎነጎነ ክር ቢያንስ 150 ሜትር መያዝ አለበት። ክብደቱ ከ250 እስከ 340 ግራም ባለው ውስጥ ከሆነ ለቀኑ ሙሉ ክንድዎ ይችለዋል።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ገዢን ያሳስታሉ። አንዱ የኩሽኔታ ብዛት ነው። አሥር ኩሽኔታ ከአምስት ይሻላል የሚለው ሐሳብ ለደረቅ ቦታ ያስኬዳል፤ ጨው ባለበት ግን ያልታሸገ ኩሽኔታ ሁሉ ዝገት የሚገባበት ተጨማሪ በር ነው። ጥቂትና የታሸገ ይበልጣል። ሌላው የፍሬኑ ከፍተኛ ኃይል ነው። 25 ፓውንድ ፍሬን ያለው ሪል ያስጎመዣል፤ ይሁንና በ15 ፓውንድ ክር ላይ ፍሬን የሚጠበቀው በክሩ ጥንካሬ ሩብ ወይም ሲሶ፣ ማለትም ከ4 እስከ 5 ፓውንድ ነው። የቀረውን ኃይል መቼም አይጠቀሙበትም። ዋናው ልስላሴው ነው። ክሩን በእጅዎ ቀስ ብለው ሲስቡት ፍሬኑ ሳይነጥር፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ከመነሻው ጀምሮ በእኩል መልቀቅ አለበት፤ መጀመሪያ ተጣብቆ ቆይቶ ድንገት የሚለቅ ፍሬን ክር ይበጥሳል። የካርቦን ፋይበር ዲስክ ያለው በሙቀትም በእርጥበትም ፌልት ከሚባለው ጨርቅ የተሻለ ይጸናል። ውኃ መከላከያውን በተመለከተ አንዳንድ አምራቾች መለኪያውን በግልጽ ያሰፍራሉ፦ የፔን ስፒንፊሸር 6 “አይፒኤክስ5” ተብሎ ተመድቧል። ይህ ደረጃ ከየአቅጣጫው በሚረጭ ውኃ መፈተኑን ያመለክታል፤ ውኃ ውስጥ ቢጠልቅም ይችላል ማለት አይደለም።

“የቼሳፒክ ውኃ እኮ ለብ ያለ ጨው ነው፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን?” የሚሉም አሉ። በእርግጥ በቤይ ድልድይ አካባቢ ያለው ጨዋማነት ከውቅያኖሱ ሲሶ ገደማ፣ ብዙ ዝናብ በዘነበበት ወቅትም ከዚያ ያነሰ ነው። ግን ዝገት መጠን አይቆጥርም። አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት ጨው ባለው እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ይፈስና አሉሚኒየሙ ይበላል። ውኃው ሲተን ደግሞ ጨው ስለማይተን፣ ሳይታጠብ የቀረ ሪል ላይ በየጉዞው ይከማቻል። ገንዘቡን እንዴት ልከፋፍለው ለሚለው ጥያቄም መልሴ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዘንግ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ቱቦ ነው፤ መካከለኛ ዋጋ ያለው ዘንግ ዓመታት ያገለግላል። ሪል ግን ማርሽና ኩሽኔታዎች ያሉበት ማሽን ነው፣ ጨው የሚያጠቃውም እሱን ነው። 150 ዶላር ካለዎት 90 ወይም 100ውን ለሪሉ ያውሉት። ብዙ ልምድ ያላቸው አጥማጆች ስሜትን የሚያስተላልፈው ዘንጉ ስለሆነ ገንዘቡ ለእሱ ይሁን ብለው ይከራከራሉ። ጨው ለሌለበት ውኃና ለናይሎን ክር እስማማለሁ፤ የተጎነጎነ ክር ግን ንክሻውን በመካከለኛ ዘንግም ያደርሰዋል፣ የዛገ ማርሽን ግን ምንም ዓይነት ዘንግ አያድነውም። ዘንግና ሪል አንድ ላይ ተገጥሞ የሚሸጠው ርካሽ ጥንድ ልጅ ለማስለመድ ይበቃል፤ በየሳምንቱ ለሚወጣ ሰው ግን ሁለት ጊዜ መግዛት ነው።

ሱቅ ሲገቡ ሪሉን ዘንጉ ላይ ለመግጠም ይጠይቁ፤ ጥሩ ሻጭ አይከለክልም። ዘንጉን ከሪሉ እግር ትንሽ ፊት ለፊት ባለው ቦታ በአንድ ጣት ላይ ያስቀምጡት። ጫፉ ወደ መሬት በኃይል ካዘቀዘቀ ሪሉ ቀልሏል ወይም ዘንጉ ረዝሟል፤ ቀኑን ሙሉ ያንን ጫፍ በአንጓዎ ደግፈው መያዝ ይሆንብዎታል። እጀታውን ሲያዞሩ የሚንኳኳ ድምፅ፣ ወደ ጎንና ጎን የሚወዛወዝ ነገር ካለ ይመልሱት። የሽቦውን ቅስት ደጋግመው ይክፈቱና ይዝጉ። የክሩ ተንከባላይ፣ ማለትም ክሩ ወደ ማጠንጠኛው የሚታጠፍበት ትንሽ ጎማ፣ በጣት ሲነኩት በነፃ መሽከርከር አለበት፤ በጨው መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው።

ክሩን ሲያስገቡ የተጎነጎነ ክር ባዶ ማጠንጠኛ ላይ እንደሚንሸራተት አይርሱ፤ ዓሣው ሲሮጥ ሙሉው ጥቅልል ይዞራል፣ ፍሬኑም የተበላሸ ይመስላል። መጀመሪያ ጥቂት ሜትር ናይሎን ይጠቅልሉና የተጎነጎነውን በእሱ ላይ ይሰሩት። ከማጠንጠኛው ከንፈር ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ያቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ በገዛ ራሱ እየወረደ ይተበተባል። ፍሬኑን ለማስተካከል ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ወደ አገር ቤት ሲሄዱ ሻንጣ የሚመዝኑበት የእጅ ሚዛን በየቤቱ አለ። የክሩን ጫፍ በሚዛኑ ማንጠልጠያ ላይ ይሰሩት፣ ሌላ ሰው ሚዛኑን ይያዝና ዘንጉ ጎብጦ ሳለ ይሳብ። ፍሬኑ መልቀቅ የሚጀምረው ሚዛኑ ወደ 2 ኪሎ ሲጠጋ ከሆነ ለ15 ፓውንድ ክር ልክ ነው። ዓሣ ከተያዘ በኋላ በድንጋጤ ማጥበቅ ክሩን ያስበጥሳል፤ ስለዚህ ውኃው ዳር ከመድረስዎ በፊት ይጨርሱት። መድረክ ላይ የሚቆሙ ከሆነ ደግሞ በገመድ የሚወርድ መረብ ከመሣሪያው ጋር ይግዙ። ሦስት ኪሎ ዓሣን ከውኃ አንስቶ ብዙ ሜትር ከፍ ማድረግ የዘንግ ሥራ አይደለም፤ ዘንጉን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገው ሲያነሱ ጭነቱ ሁሉ በቀጭኑ ጫፍ ላይ ያርፍና ይሰበራል።

ከጉዞ ሲመለሱ ፍሬኑን ጥብቅ አድርገው በመዝጋት ውኃ ወደ ዲስኮቹ እንዳይገባ ይከላከሉ፤ ከዚያ ዘንጉንና ሪሉን ለስለስ ባለ ንጹሕ ውኃ ያጥቡ። በቱቦ ኃይለኛ ውኃ መርጨት ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋል እንጂ አያስወጣም፤ ሪሉን በባልዲ መዘፍዘፍም እንዲሁ። አራግፈው በጥላ ያድርቁት፣ ተንከባላዩና የእጀታው መገጣጠሚያ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ፣ ሲያስቀምጡት ደግሞ ዲስኮቹ ተጨፍልቀው እንዳይቀሩ ፍሬኑን ጨርሰው ያላሉት። መሪ ክሩን በጣትና በጣት መካከል ይዘው ይዳስሱት፤ የሻከረ ቦታ ካገኙ እስከዚያ ድረስ ቆርጠው እንደገና ይሰሩ።